ግማሽ የደረሳቸው ግራዝማች

አሥር ጎረቤታሞች ለበዓል ቅርጫ አዋጥተው አንድ በሬ አረዱ። ሥጋው አሥር መደብ ወጥቶለት ዕጣ ሊጣል ሲል፣ ሰባራ ሳንቲም ያላዋጡት ግራዝማች ወንድይፍራው ከዘራቸውን እየወዘወዙ መጡ።

ሥጋውን የሚመድበውን ጭሰኛቸውን፣ "እነዚህ ከአሥር አንድ ይወስዳሉ። ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ካልሰጠኸኝ ዛሬውኑ ከመሬቴ ትነቀላለህ!" አሉት።

ሰውዬው ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ "ጌታዬ፣ ግማሽ ቢሆንስ?" አላቸው።

ጎረቤቶቹ ክው አሉ። የግራዝማች ፊት ግን በራ።

"ግማሽ ይበቃኛል! ከዚያ በላይ ብጠይቅ ከሰው አትቁጠሩኝ፤ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ!"

ሰውዬው ገና ወዳልተመደበው የበሬ ጭንቅላት ጎንበስ ብሎ ቆረጥ አደረገና በቅጠል አቀረበላቸው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ግማሽ ነው ጌታዬ። ከአሥር አንድ ይበልጣል።"

"የምኑ ግማሽ?"

"የምላሱ። የምኑ እንደሆነ ሳይጠይቁኝ እኮ ነው ምስክር የቆጠሩት።"

ግራዝማች በንዴት ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። "ታዲያ ምነው ሙሉውን ምላስ እንኳ ብትሰጠኝ?"

"ሙሉውንማ" አለ ሰውዬው ቢላውን እየወለወለ፣ "ከቤትዎ ይዘው መጥተዋል።"