አልካፈል ያሉ አስር ሺህ ሰባት ጠጠሮች

በአንድ ወቅት፣ ተራራ ሁሉ ጌታ በነበረው ዘመን፣ ጎሹ፣ ወርቅያንጥፉና ታመነ የሚባሉ የአንድ ሸማኔ ልጆች ነበሩ። ፊታውራሪ ድልነሳ የመንደሩን ምንጭ ለራሳቸው አጥረው ሲይዙ ሦስቱ ሽማግሌ ፊት ከሰሷቸው። ፊታውራሪው ልጆቹን አስይዘው ገደል አፋፍ ላይ ያለ ዋሻ ውስጥ ዘጉባቸው። ዋሻው ለጦርነት የተጠራቀመ የወንጭፍ ጠጠር የሞላበት ነው፤ ብርሃን የሚገባው ክንድ በምታሾልክ አንዲት ስንጥቅ ብቻ ነበር።

ሽማግሌዎቹ «ያለ ፍርድ አይሆንም» ቢሏቸው፣ ፊታውራሪው በሩ ላይ ቆመው ተናገሩ፦

«ጠጠሮቹን እኩል በሆኑ ረድፎች ደርድሩ። ረድፉም፣ በየረድፉ ያለው ጠጠርም ከአንድ ይብለጥ፤ ትርፍ አይኑር። ያን ቀን በሩ ይከፈታል።»

ቀላል መሰላቸው። በአስር ደረደሩ፤ ሰባት ተረፈ። በአስራ ሁለት ደረደሩ፤ አስራ አንድ ተረፈ። ሳምንታት አለፉ። «አንተ ነህ ያሳሳትከው!» እየተባባሉ መጣላት ጀመሩ።

ታላቅየው ጎሹ «ስንት እንደሆነ ሳናውቅ እስከ መቼ?» አለና በጉልበቱ እየዳኸ አንድ በአንድ ቆጠረ። ጣቶቹ ደሙ፤ እግሩ አብጦ መቆም አቃተው። ሦስት ጊዜ ቆጠረ፤ ሦስት ጊዜም አስር ሺህ ሰባት ሆነ።

ወርቅያንጥፉ ለአባቷ ክር ስታካፍል ያደገች ናት። ግድግዳው ላይ እየጫረች አሰላች። «ለሁለት ያልተካፈለ ለአራት አይካፈልም። ከመቶ በላይ መሞከርም አያስፈልግም፤ ከመቶ የሚበልጥ ቢከፍለው ድርሻው ከመቶ ያንሳል፤ ያን ደግሞ ቀድመን እናገኘዋለን።» ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እያለች እስከ ዘጠና ሰባት ደረሰች። ሁሌም ይተርፋል። ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ከአንድና ከራሱ በቀር የሚከፍለው የለም። ፊታውራሪው ያውቃሉ። በሩ እንዲከፈት አልታሰበም።»

«ምነው ባልነገርሽን» አለ ጎሹ።

ታናሽየው ታመነ አንዲት ጠጠር አንስቶ በስንጥቁ ወረወራት። ገደሉን እየመታች ስትወርድ ሦስቱም አዳመጡ።

«አሁንስ፣ እትዬ?»

«ሁለት ረድፍ ብቻ፤ በየረድፉ አምስት ሺህ ሦስት። ዋሻው አይበቃውም።»

ሌላ ወረወረ። እህቱ ረጅም ጊዜ ጫረች። «ሰማንያ ሰባት ረድፍ፤ በየረድፉ መቶ አስራ አምስት።»

ፊታውራሪው ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥተው ረድፎቹን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ጎድሏል» እንዳይሉ፣ ብዛቱን አውቀው የማይቻል ነገር ማዘዛቸው ሊጋለጥ ነው። ጥቂት አሰቡና «ደግ። በሩ ግን የሚከፈተው መፍትሔውን ላስገኘው ለአንዱ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ይቆያሉ። ፀሐይዋ ደፉን ሳትለቅ ንገሩኝ» አሉ። ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎቻቸው ከኋላቸው ነበሩና ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

ሦስቱ በሹክሹክታ ተነጋገሩ።

«ባልቆጥር ኖሮ እስካሁን እየተጣላን ነበር» አለ ጎሹ። «ደግሞ በዚህ እግሬ እዚህ ብቀር አልከርምም።»

«እንደማይካፈል ባላረጋግጥ፣ ጠጠር መጣል የማን ሐሳብ ይሆን ነበር?» አለች ወርቅያንጥፉ። «ረድፉንስ ማን አወቀው?»

«እናንተ እውነቱን አገኛችሁ፤ እውነቱ ግን መውጫ እንደሌለን ነበር» አለ ታመነ። «መውጫውን ያበጀሁት እኔ ነኝ።»

በሩ ገርበብ ብሏል። ፀሐይዋ ከደፉ እየሸሸች ነው፤ ማንም እግሩን አላነሳም። እናንተ የምትሰሙኝ፣ ደጃፉ ላይ ቆማችሁ ቢሆን ኖሮ ማን ይውጣ ትሉ ነበር?