አያ ጅቦ ሐረግ ሲጠብቅ

አንድ ጊዜ፣ ውርጭ በሚበዛበት የደጋ ተራራ ላይ፣ እመት አንበሲት ከቆላ ያስመጣችው የአበባ ሐረግ ነበራት። ሐረጉ ክረምቱን ሙሉ የዋሻዋን ደጃፍ ተንጠላጥሎ ይወጣና መስከረም ሲጠባ ቀይ አበባውን እንደ መጋረጃ ያወርደዋል። አንበሲት እንግዳ ሲመጣባት መጀመሪያ አበባውን ታሳያለች፤ እንግዳውን ልብላው ወይስ ልተወው ብላ የምታስበው ከዚያ በኋላ ነው።

የኅዳር ብርድ ሲገባ ልጇ ቆላ ውስጥ ወለደችና አራስ ልትጠይቅ ተነሣች። ታዲያ ሐረጉን ለማን ትተወው? ቀበሮ ተንኮለኛ ናት። አህያ ይግጠዋል። ጅብ ግን ቅጠል አይበላም! በዚህ ብልሃቷ እየተደሰተች አያ ጅቦን አስጠራችው።

«ስማኝ፤ ሐረጉን አሳጥሬ ቆርጬዋለሁ» አለችው። «የቀረው ቅጠልም ይረግፋል። የሞተ ቢመስልህ አትደንግጥ፤ ተኝቶ ነው። ውሃ አታጠጣው፤ ሥሩን ልይ ብለህም አትነቅንቀው። ብቻ ውርጭ እንዳይነካው በዚህ የበሬ ቁርበት ተሸፍኖ ይቆይ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ስመለስ ደህና ካገኘሁት፣ ከእንግዲህ ከማድነው ሁሉ አጥንቱ ያንተ ነው። ከሞተ ግን ቆዳህን እገፈዋለሁ።»

አያ ጅቦ አጥንት የሚለውን እንጂ ቆዳ የሚለውን አልሰማም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደህና ጠበቀ። ችግሩ የቁርበቱ ሽታ ነበር። ፊቱን ቢያዞር ሽታው ዞሮ ይመጣበታል፤ አፍንጫውን መሬት ውስጥ ቢቀብርም አልተወውም። ይሄኔ ቀበሮ መጣች። ለካ እሷም አጥንቱ ላይ ዓይኗን ጥላ ኖሯል።

«ምነው አያ ጅቦ፣ ከሳህሳ! ይህችን ለምታህል ጉቶ ይህን የሚያህል ቁርበት? ጫፉኮ ትርፍ ነው።»

«ትርፍ ነው አልሽ?»

«ቢቀነስ ማን ያውቃል?»

አያ ጅቦ ጫፉን ቀነሰ። በማግስቱ አንዱ ጎን ከሌላው በልጦ ታየውና ለማስተካከል ያንንም ቀነሰ። ሲያስተካክል፣ ሲያስተካክል፣ ሐረጉ ላይ መሐረብ የምታህል ብጣሽ ብቻ ቀረች። «ይህችማ ለራሷም አትሞቅ» ብሎ እሷንም ዋጣት።

ሲነጋ ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጥቶ አየ። ያን ጊዜ ቆዳ የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ ደረሰ። ወደ ቀበሮ ሮጠ።

«እኔ ጫፉን አልኩ እንጂ ጨርሰው አልኩህ?» አለች ቀበሮ በሳቅ እየፈረሰች።

አያ ጅቦ ሌላ ቁርበት ቢፈልግ አጣ። በአካባቢው የቀረው ቁርበት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ የለበሰው። ምን ያድርግ፣ ጉቶው ላይ በሆዱ ተኛበት። ቀትር ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ሮጥ ብሎ ያገኘውን ደረቅ አጥንት ይቆረጥምና ብርዱ ሳይመለስ ይመለሳል። ጉቶው ሆዱን ይወጋዋል፣ ውርጩ ጀርባውን ይልጠዋል።

ወሬውን የሰማ አህያ በየማለዳው ብቅ እያለ አፍንጫው ሥር መጋጥ ጀመረ።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ጅቦ? እርስዎ አጠገብ ያለው ሣር እንዴት ይጣፍጣል መሰለዎ!»

«ብነሣ ወዮልህ ነበር!»

«ግን አይነሡም።»

«አልነሣም» አለ አያ ጅቦ። አለቀሰም። በዕድሜው እንደዚያ አልቅሶ አያውቅም።

ብርዱ አልፎ የካቲት ሲገባ እመት አንበሲት ተመለሰች። ቀበሮም ጉዱን ለማየት ከኋላዋ ተከተለች። አያ ጅቦን አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቶ፣ ጉቶው ላይ ልጥፍ ብሎ አገኙት።

«እስቲ ተነሥ» አለችው አንበሲት።

ተነሣ። ጉቶው ከዚህም ከዚያም አረንጓዴ እንቡጥ አውጥቷል። አንበሲት ደስ አላትና በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ ዙሪያዋን ቃኘች።

«ቁርበቴስ?»

ቀበሮ ሳቋን ዋጠች። አያ ጅቦ ንፋስ ወሰደው ልበል ወይስ ሌባ ብሎ አሰበ። ሁለቱም አላዋጡትም።

«እመቤቴ፣ ቁርበቱማ ከሐረጉ ላይ መቼ ወረደ!» አለ። «እኔ ሆድ ውስጥ ሆኖ ነው እንጂ።»

አንበሲት ዋሻው እስኪያስተጋባ ሳቀች። ስቃ ስቃ ሲወጣላት እንዲህ አለችው፦ «እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው፤ አጥንቱን ውሰድ። ደግሞም ቁርበት ንፋስ ሲመጣ ይገለጣል፤ አንተ ግን አትገለጥም። ከዛሬ ጀምሮ በየዓመቱ ብርዱ እስኪያልፍ ሐረጌን የምትሸፍነው አንተው ነህ።»

«እስከ መቼ?»

«ሐረጉ እስካለ ድረስ።»

አያ ጅቦ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ለመሆኑ ሐረግ ስንት ዘመን ይኖራል?» አላት በሹክሹክታ።

«በደንብ ከተሸፈነ?» አለች ቀበሮ። «ካንተ በላይ!»

ከዚህ የምንማረው፣ በአደራ የተሰጠንን የበላን እንደሆነ ጉድለቱን የምንሞላው በገዛ ቆዳችን መሆኑን ነው።