የወይራ ጉብታ መስክና የፍልፈሏ ቁልል

አንድ ጊዜ፣ ወይራ ጉብታ በሚባል የእንስሳት ሰፈር፣ አንዲት ፍልፈል አንድ ጥያቄ ለዓመታት በሆዷ ይዛ ትኖር ነበር። ጥያቄዋ ይህ ነው፦ «ዝናቡ ለሁላችንም እኩል ይዘንባል። ታዲያ በየበልጉ ጠርገን የምናጸዳው የጋራ መስካችን ከዓመት ዓመት እየተመለጠ ሲሄድ፣ ከጉብታው ግርጌ ያለው የቀበሮ ግቢ እንዴት እየለመለመ ይሄዳል?»

ይህን ጥያቄ ማንንም ጠይቃ አታውቅም። ዓይን አፋር ነበረች። ጎረቤት ሰላም ሲላት እንኳ «ደህና» ብላ ሳትጨርስ ወደ ጉድጓዷ ትጠልቃለች። ዓይኗም ደካማ ነው፤ የአንበሳን ጎፈር ከደረቀ ቁጥቋጦ የምትለየው በማሽተት ነበር። አፈርን ግን እንደ እሷ የሚያውቅ አልነበረም። ጥፍሯን ሰደድ አድርጋ የትኛው ሥር ውሃ እንደጠማው፣ የትኛው አፈር ከየት ተንሸራቶ እንደመጣ ትለያለች።

የወይራ ጉብታ ነዋሪዎች በመስካቸው ንጽሕና ይኮሩ ነበር። የበልግ ዝናብ ሊጥል ጥቂት ቀን ሲቀረው የጽዳት ዘመቻ ይታወጃል። ያን ጊዜ ሁሉም ወጥቶ ከሰፈሩ ትልቅ ዋንዛ የረገፈውን ቅጠል ይጠርጋል፤ የደረቀውን ሣር ከነሥሩ ይነቅላል፤ ፍልፈል ከጉድጓዷ አውጥታ የቆለለችውንም አፈር «መስኩን ያበላሻል» እያለ ይደለድላል። ሲያበቃ መስኩ እንደ ተላጨ ራስ ያብረቀርቃል። አንበሳ ከጉብታው አናት ካለው ቋጥኝ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያያል። ጎፈሩን ያራግፍና «ከወንዙ ማዶ ያሉት ይህን አይተው ይቅኑ!» ይላል።

ዘመቻውን የጀመረው ቀበሮ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ የጽዳት ኮሚቴው ሰብሳቢ እሱ ነበር። በየዓመቱ የዘመቻው ቀን ሲደርስ ደረቱን ይደቃና፣ «ቆሻሻውን ለእኔ ተዉት። ከገደል የምጥለው እኔ ነኝ» ይላል። ነዋሪውም ያመሰግነዋል።

በዚያ ዓመት ግን አንበሳ ዘመቻውን ሲከፍት እንደ ወትሮው አልፎከረም።

«ወገኖቼ፣ መስካችን ንጹሕ ነው፤ ግን የሚበላ ነገር የለውም። ድሮ ሣሩ ውስጥ ስተኛ ጆሮዬ አይታይም ነበር። አሁን ጥፍሬን እንኳ አይሸፍንልኝም። ዘንድሮም ካልበቀለ፣ በልግ ሲያልቅ ወንዙን ተሻግረን ሌላ አገር እንፈልጋለን።»

ፍልፈል ከጉድጓዷ አፍ ሆና ሰማች። ወንዙ ጠጠርና ድንጋይ ነው። ፍልፈል ጠጠር አትቆፍርም፤ ውሃም አትሻገርም። ሰፈሩ ከሄደ፣ እናቷ በቆፈረቻቸው መንገዶች ውስጥ፣ በተራቆተ ጉብታ ሥር፣ ብቻዋን መቅረቷ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የአህያ ኮቴ ራሷ ላይ መጣ። አህያ ከደጃፏ ያለውን ቁልል እየረገጠች ነበር።

«እትዬ አህዪት፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ!»

«ውይ! እዚህ ነሽ እንዴ? ይቅርታ የኔ ልጅ። ምን ላድርግ፣ ኮሚቴው ቁልል አይወድም።»

«ደክሞዎታል መሰለኝ።»

«ማን? እኔ?» አህያ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። «አሥር በልግ ይህን መስክ ጠርጌአለሁ። አንዲት ቅጠል ትቼ አላውቅም። ከፈለግሽ ሰፈሩን ጠይቂ!»

በኩራት ተንጠራራች። ስትንጠራራ ግን የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ብቅ አለ።

ፍልፈል አፏን ከፈተች፤ ዘጋች፤ እንደገና ከፈተች። «እትዬ... ቅጠሉ የት ነው የሚሄደው?»

«የት ይሄዳል? ይጣላል ነዋ! እኔ በቅርጫት እስከ ግርጌው አወርዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የቀበሮ ሥራ ነው። ደግሞስ ኮሚቴ ይጠየቃል እንዴ?»

እስከ ከሰዓት በኋላ የመስኩ ምሥራቃዊ ግማሽ ተጠርጎ አለቀ። ምዕራባዊው ለነገ ተቀጠረ። ሁሉም ሊያርፍ ሲበተን ፍልፈል አላረፈችም። ከመሬት በታች መቆፈር ጀመረች፤ ቁልቁል፣ ወደ ቀበሮ ግቢ።

አጥሩን በሥሩ ባለፈች ጊዜ ጥፍሯ በድንገት ቀለላት። አፈሩ ጥቁር፣ እርጥብና ለስላሳ ነበር። ሥሮቹ ወፍራም፣ ትሎቹም ጠግበው የሚንቀራፈፉ ናቸው። ወደ ላይ ስትወጣ አንድ ክንድ የሚያህል የበሰበሰ ቅጠል ተደራርቦ አገኘች። አሸተተችው። የሰፈሩ ዋንዛ ቅጠል ነው። በቅጠሉ መካከል ደግሞ ጎርፍ ያወረደው ቀይ አፈር ተነጥፏል። እሱንም አሸተተችው፤ የእናቷ ጓዳ ሽታ ነበረው።

ለዓመታት የያዘችው ጥያቄ እዚያው ተመለሰላት። ቅጠሉን ቀበሮ አልጣለውም። ቅጠሉ የሸፈነውን አፈር ደግሞ፣ ሽፋኑ ሲነሳ፣ ዝናቡ ራሱ አጥቦ እያወረደ ያስረክበዋል።

ብቅ ስትል ጅብ ፊት ለፊቷ ቆሞ ቅጠል ይከምራል።

«ማነሽ አንቺ? ሥጋ አለሽ?»

«ለአንድ ጉርሻ እንኳ አልበቃም፣ አያ ጅቦ። ምን እየሠራህ ነው?»

«አላየሽም? እየከመርኩ ነዋ! ይህ ሁሉ የእኔ እጅ ሥራ ነው። ቀበሮ ‹ቅጠሉ በደንብ ሲበሰብስ ከሥሩ አጥንት ይበቅላል› ብሎኛል።»

«በቅሎ ያውቃል?»

«ገና ነው» አለ ጅብ፣ እንደ አዋቂ ገበሬ ራሱን እየነቀነቀ። «አጥንት ቶሎ የሚበቅል ነገር አይደለም።»

በዚህ መካከል ቀበሮ መጣ። መጀመሪያ ፍልፈልን አየ፤ ቀጥሎ በእጇ የጨበጠችውን ጥቁር አፈር አየ። ጅራቱን ዝቅ አድርጎ ድምፁን አለሰለሰ።

«ኧረ የምን በረከት ነው! እመት ፍልፈል ከቤቴ! እንግዲህ አይተዋል፤ ከእርስዎ ምን እደብቃለሁ? እንደ እርስዎ ያለ አዋቂ እዚያ ላይኛው ሰፈር ምን ይሠራል? እዚህ ይግቡ። ከአጥሩ ሥር ያለው ወፍራም ሥር ሁሉ ለእርስዎ ይሁን። እነዚያ ወንዙን ሲሻገሩ ጉብታው የእኔና የእርስዎ ነው። የምፈልገው ዝምታ ብቻ ነው። ዝምታ ደግሞ ለእርስዎ ምን ይከብዳል?»

ፍልፈልን የመጨረሻዋ ቃል አንገበገበቻት። አፍረት የራሷ ጉዳይ ነበር፤ ለካ ቀበሮ በአፍረቷም ሊጠቀም ኖሯል! አፈሯን አጥብቃ ጨብጣ ወደ ጉድጓዷ ገባች።

ቀበሮ «ተስማማች» ብሎ ፈገግ አለ።

በነጋታው ነዋሪው ምዕራባዊውን ግማሽ ሊጠርግ ሲሰለፍ፣ ከመጥረጊያዎቹ ፊት መሬቱ እብጥ አለና ተሰነጠቀ። ፍልፈል በጠራራ ፀሐይ ወጣች። ሰፈሩ ሁሉ ተገረመ፤ ብዙዎች መልኳን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«መጥረጊያውን አቁሙ» አለች። ማንም አልሰማትም።

«አቁሙ!» አለች ደግማ። አሁንም ድምፅዋ ከቅጠል ኮሽታ አልበለጠም። ረጅም ጆሮ ያላት አህያ ግን ሰማች።

«ዝም በሉ እስቲ! ይህች ልጅ የምትለው አላት!» ብላ አንገቷን አጎነበሰች። ፍልፈል በጆሮዋ አንሾካሾከች። አህያ ቀና ብላ አናፋች፦

«ቅጠሉ ቆሻሻ አይደለም ትላለች! የመስኩ ልብስ ነው ትላለች! እ? ልብሱን ስንገፈው ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ያወርደዋል ትላለች! ወዴት? እ? ወደ... ወደ ቀበሮ ግቢ?!»

ነዋሪው ተንጫጫ። ቀበሮ ወደ ፊት ዘለለ።

«ጌታዬ አንበሶ! ከመሬት በታች የምትኖር ስለ ላዩ ምን ታውቃለች? እኔ ቅጠሉን የምጥለው ከገደል ነው! ደግሞስ ግማሹ መስክ ጸድቶ ግማሹ ቡትቶ ለብሶ ቢታይ ከማዶ ያሉት ምን ይሉናል? ክብራችንስ?»

ይህን ሲሰማ የተቆጣው ጅብ ነበር።

«ገደል? የምን ገደል? አሥር ዓመት የከመርኩትን ክምር ነው ገደል የምትለው? ጌታዬ፣ ኑና እዩልኝ! በቀበሮ ግቢ የቆምኩበት አይታይም፤ እስከ ጆሮዬ ነው የከመርኩት! በዚህ አገር እንደ እኔ የሚከምር ካለ ይውጣ!»

ቀበሮ በዓይኑ ጠቀሰው። ጅብ ግን አልገባውም፤ «ምን ትጠቅሰኛለህ? እውነት አይደለም?» አለው።

አንበሳ የተጠረገውን ግማሽ አየ። አሥር ዓመት የኮራበት መስክ ነው፤ ተሳስቻለሁ ማለት ለእሱ ቀላል አልነበረም። ያም ሆኖ ወደ ፍልፈል ዞረ።

«ልጄ፣ አህያ ሳትደግምልሽ አንቺው ራስሽ ንገሪኝ። ምን እናድርግ?»

ፍልፈል ጉድጓዷን ዞራ አላየችም። መዳፏን ዘረጋች፤ ጥቁሩ አፈር ታየ።

«ጌታዬ፣ ይህ የእርስዎ መስክ ነው። ግርጌ ወርዶ አገኘሁት። የቀረው ግማሽ አይጠረግ። ቅጠሉም፣ ደረቁ ሣርም፣ የእኔ ቁልልም ባለበት ይቆይ። መተላለፊያውን ብቻ እንጥረግ፤ ከእሱ የወጣውንም ቅጠል ከዋንዛው ሥር እናንጥፈው። ሌላውን ዝናቡ ይፍረድ።»

«ይሁን» አለ አንበሳ። «ዝናቡ ይፍረድ።»

በሦስተኛው ቀን የበልጉ ዝናብ ዶፍ ሆኖ ወረደ። ሁሉም ከዋንዛው ሥር ተጠልሎ ያይ ነበር። በምሥራቅ በኩል ውሃው መሬቱን ነክቶ አላረፈም፤ ቀይ ሆኖ እየተጋፋ ቁልቁል ሮጠ። በምዕራብ በኩል ግን ቅጠሉ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በረደ፤ በደረቁ ሣር ሥር ገባ፤ በፍልፈል ቁልሎች ዙሪያ እየዞረ መሬት ውስጥ ሰጠመ። ያ ሁሉ ዝናብ ዘንቦ ከዚያ በኩል አንዲት ጭብጥ አፈር አልወረደችም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። በምሥራቅ ጥቂት የሣር ቡቃያዎች ወዲያና ወዲህ ተራርቀው ቆሙ። በምዕራብ ሣሩ የአህያን ጉልበት ዋጠ። አህያ ገብታ አንድ ጊዜ ጎረሰች፤ ሁለተኛ ጎረሰች፤ ከዚያ ማኘኳን አቋርጣ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አሥር በልግ!» አለች። «አሥር በልግ ሙሉ የገዛ ምሳዬን ስጠርግ ኖሬአለሁ!»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷው ነበረች። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ።

አንበሳ ከቋጥኙ ወረደ። ሣሩ ውስጥ ገብቶ ጋደም አለ፤ ጆሮው አልታየም። ድምፁ ብቻ ከሣሩ ውስጥ መጣ፦ «አገር የሚለውጥ የለም! ከማዶ ያሉት አሁን ይዩን!» በዚያን ቀን የወይራ ጉብታ ኩራት እንደ ድሮው የሚያብረቀርቅ ባዶ መሬት አልነበረም።

በቀበሮም ላይ ተፈረደበት። የወሰደውን ቅጠል በሙሉ በገዛ ጀርባው፣ ቅርጫት በቅርጫት፣ ዳገቱን ወጥቶ ምሥራቃዊውን መስክ እንዲያለብስ ታዘዘ። ጅብ ሳይታዘዝ አብሮት ተሸከመ።

«ከክምሩ ታች ስንደርስ አጥንቱን እናገኘዋለን፣ አይደል?» እያለ ይጠይቀዋል።

«ዝም ብለህ ተሸከም» ይለዋል ቀበሮ፣ ላብ እያጠመቀው።

ነዋሪው የኮሚቴውን ሰብሳቢነት ለፍልፈል ሰጣት። እሷ ግን እሺም እምቢም ሳትል ወደ ጉድጓዷ ገባች። አንድ ቀን አሰበች። ሁለት ቀን አሰበች። በሰፈሩ ፊት መቆም አሁንም ያስፈራት ነበር። ነገር ግን በጨለማ ውስጥ ሆና ሥሮቹ ውሃ ሲጠጡ ታዳምጣለች፤ ያን ውሃ ወደ እነሱ ያደረሰችው እሷ መሆኗን ባሰበች ቁጥር ደረቷ ሰፋ ይላል።

በሦስተኛው ቀን ወሰነች። ቀድሞ ቁልሏን የምትሠራው ዓይን በማይደርስበት ቁጥቋጦ ሥር ነበር። በዚያ ቀን ግን ከመስኩ መካከል፣ ሰፈሩ በሙሉ እያያት ወጣች፤ በመተላለፊያው ዳር ዳር፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ፣ ረጃጅም ቁልሎች ቆለለች። አፈሩን ከፊቷ ጠራርጋ ቀና አለች።

«ሰብሳቢነቱን ተቀብያለሁ» አለች። «በየበልጉ እዚህ ወጥቼ እቆማለሁ። ከዛሬ ጀምሮ መጥረጊያ ከዚህ ቁልል አያልፍም!»

አህያ ልትደግምላት አንገቷን ቀና አደረገች። መድገም ግን አላስፈለገም፤ ከቋጥኙ አናት እስከ ቀበሮ አጥር ድረስ ሁሉም ሰምቷት ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ የጋራ መሬታችንን ለዓይን እንዲያምር ብለን ከመግፈፋችን በፊት አፈሩን የሚያውቀውን ጎረቤት መጠየቅ እንዳለብን፣ ያ ጎረቤትም ምንም ዓይን አፋር ቢሆን ያወቀውን ለራሱ ይዞ መቅረት እንደሌለበት ነው።