ኤሊና የገደሉ ዘማሪ

ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፣ ወሬ ያለው ዝም ይበል፤ እነሆ ተረቴ።

በድሮ ጊዜ በአንድ ገደል ሥር አንዲት ኤሊ ትኖር ነበር። በየማለዳው ከበላይዋ አንድ ወፍ ይዘምራል። ድምፁ ገደሉን ይሞላዋል፤ የእሷንም ሆድ ያባባዋል። ኤሊ ግን አንገቷ ሽቅብ አልቀና ብሏት አይታው አታውቅም። "ሳላየው እንዳልሞት" ትል ነበር።

ዝንጀሮን ብትጠይቀው ንስር እንደሚያክል ነገራት። ቆቅን ብትጠይቃት የወርቅ ዘውድ ደፍቷል አለቻት። ጅብን ብትጠይቀው መልኩን እንጃ፣ ሥጋው ግን ሳይበዛ አይቀርም አላት። ሦስቱም አላዩትም፤ "አላውቅም" ማለት ለካ ከድንጋይ ይከብዳል። እሷም አምናቸው፣ የንስር ጥላ መሬት ላይ ባለፈ ቁጥር "ጌታዬ፣ እንዴት አደሩ?" እያለች እጅ ስትነሳ ኖረች።

አንድ ቀን ከዳገት ተንከባልላ በጀርባዋ ወደቀች። ሰማይን ገና ያን ጊዜ አየችው፤ ወደ ውስጡ የምትወድቅ መስሏት በአራት እግሯ አየሩን ቧጠጠች። ፀሐዩም ሆዷን ይጠብሳት ጀመር። ወዲያው ያ ድምፅ ከበላይዋ ተሰማ።

እዚያ በቆመ አንድ የደረቀ ግራር ላይ ያለው ግን አመድ የመሰለ ትንሽ ወፍ ብቻ ነው። "ይሄ ሚጢጢ ጌታዬን ጋርዶብኝ ይሆን?" ብላ አሰበች። ድምፁ ሲነሳ የወፉ ጉሮሮ ተነፋ። ድምፁ ሲቆም ጉሮሮው ጎደለ። ደግሞ ሲነሳ ደግሞ ተነፋ። ያን ጊዜ ኤሊ አወቀችው፤ እንባዋ ወደ ግንባሯ ፈሰሰ።

"ገደል የሚሞላው፣ ይህ እፍኝ የማይሞላው ነው?" አለች።

ከርከሮ በዚያ ሲያልፍ አያት።

"እትዬ ኤሊ፣ ቶሎ ላቃናሽ፤ ፀሐዩ ሊገድልሽ ነው።"

"አያ ከርከሮ፣ እስኪጨርስ ቆይልኝ። በእግሬ ከቆምኩ ዳግመኛ አላየውም።"

ከርከሮ ግራ ገባው። ዕድሜውን ሙሉ አፍንጫውን አፈር ውስጥ ቀብሮ የኖረ ነውና፣ ምን እንደምታይ ሊያውቅ፣ ጥላውም እንዲያርፍባት በፀሐይ በኩል ከአጠገቧ ተጋደመ። ቀና ብሎ አየ። እሱም ዓይኑን ከወፉ አልነቀለም።

ወፉ ዘምሮ ሲጨርስና ሲበር፣ ከርከሮ በክራንቻው ደግፎ አቃናት።

ከዚያ ወዲህ ኤሊ አንገቷን ሸጉጣ ብታዩ ፈርታ እንዳይመስላችሁ፤ ያየችውን ደግማ እያየች ነው። ሲሰሙት ትልቅ፣ ሲያዩት ረቂቅ። እኔ የሰማሁትን አወራሁ፤ እናንተ አይታችሁ እመኑ።