ይጎድላል ወይስ አይጎድልም?

ወገኖቼ፣ አንዲት ወጣት ነበረች፤ ትርሲት እንበላት። በፋይናንስ ትምህርት በማዕረግ ተመርቃለች። ከተመረቀችበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ማስረጃዋን በክላሴር ይዛ በአዲስ አበባ ያልወጣችው ፎቅ አልነበረም። የምትሻው አንድ ነገር ነበር፤ የብዙ ሰዎችን ቁጠባ ሰብስቦ አክሲዮን በሚገዛላቸው የኢንቨስትመንት ፈንድ ውስጥ መቀጠር። ሥራው በአገራችን ገና አዲስ ነው፤ በሩም ጠባብ ነው። በደረሰችበት ሁሉ «የሁለት ዓመት ልምድ» ይሏታል። ሳይቀጥሯት ልምዱን ከየት ታምጣው?

በመጨረሻ አንድ ድርጅት ለአንድ ክፍት ቦታ ሦስት ተወዳዳሪዎችን ለመጨረሻው ፈተና መረጠ። አንዷ እርሷ ነበረች። በዚያ ጠዋት ታላቅ ወንድሟ እስከ በር ሸኝቷት፣ «አደራሽን፣ ደስ የሚላቸውን ብቻ ተናገሪ፤ ይህን ካጣሽ የቀረ ቦታ የለም» አላት።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳነወርቅ ፈተናውን በወረቀት አላደረጉትም። በዚያ ቀን ስለ ፈንዱ ሊጠይቁ የመጡ ጋሼ ደጀኔ የተባሉ አዛውንት ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር። «ተራ በተራ ግቡና ሥራችንን ለእርሳቸው አስረዱ» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ሁለቱ ወጣቶች ገብተው ፈገግ እያሉ ወጡ።

ትርሲት ገባች። የተማረችው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር። «ፖርትፎሊዮ» አለች፤ «ዳይቨርሲፊኬሽን» አለች።

«ልጄ» አሉ ጋሼ ደጀኔ፣ «ይህ የሚወሰደው ከምግብ በፊት ነው ወይስ ከምግብ በኋላ?»

አፈረች። ወደ አማርኛ ልትመልሰው ሞከረች። «ይቅርታ፣ ጋሼ። ማለቴ… ሥራችን አደጋ አለው።»

«የምን አደጋ? ሠላሳ አራት ዓመት ስነዳ አንዲት ዶሮ አልገጨሁም!»

ጥግ ላይ የተቀመጡት አቶ ልሳነወርቅ እንኳ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አዛውንቱ ግን ጨዋታውን ተዉና ወደ ፊት ጠጋ አሉ።

«እንግዲህ በእኔ ቋንቋ ልጠይቅሽ። ቤቴን ሸጬ ያገኘሁትን ባስረክባችሁ፣ ይጎድላል ወይስ አይጎድልም?»

ለዚህ ጥያቄ ትምህርቷ ረጅምና ያማረ መሸሻ ሰጥቷት ነበር። ወንድሟም መክሯታል። ወገኖቼ፣ እናንተ በእርሷ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

«ሊጎድል ይችላል፣ ጋሼ።»

«ስንት?»

«አላውቅም። አውቃለሁ የሚልዎት ቢኖር አይመኑት። ሊያድግም ይችላል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ለቀለብና ለሕክምና የሚሆንዎትን ወደዚህ አያምጡት። ሳይነኩት ዓመታት የሚቆየውን ብቻ ያምጡ።»

ጋሼ ደጀኔ ባርኔጣቸውን አደረጉ። «እንግዲያው ዛሬ አላመጣም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብለው ወጡ።

«ደንበኛዬን ሸኘሽልኝ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

«አዎ፣ ጌታዬ።» ክላሴሯን አነሣች። የቀረላትን አንድ በር በገዛ አፏ የዘጋችው መሰላት።

«ቁጭ በይ። ሁለቱም ይህንኑ ተጠይቀው ነበር። አንዱ ስለ ዓለም ገበያ ነገራቸው፤ ሌላው ስለ ድርጅታችን ዝና። ‹ሊጎድል ይችላል› ያለ አልነበረም። እኛ የሰው ጥሪት የምንይዝ ነን፤ ይህች ቃል ከአፉ የማትወጣ ሰው አብሮኝ ሊሠራ አይችልም። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ።»

እናንተስ? ሽማግሌዎች ለጋብቻ ስለታሰበ ልጅ ጠባይ ሊያጣሩ መጥተው «ይጠጣል ወይ?» ሲሏችሁ፣ «ጨዋታ ያውቃል» ብላችሁ አላለፋችሁምን? ተከራይ «ውኃ አለ ወይ?» ሲላችሁ፣ «ሰፈሩ ነፋሻ ነው» አላላችሁምን? ሐሰት አልተናገራችሁም። የተጠየቃችሁትን ግን አልመለሳችሁም።

በንስሐ አባታችሁ ፊትስ? «ሰው ነኝና መቼም አልበድልም አይባልም» ትላላችሁ። በደሉን በጅምላ ታቀርባላችሁ እንጂ በስሙ አትጠሩትም። እግዚአብሔር የሚያውቀውን ከማን ትሸሽጋላችሁ?

በዚህ ሳምንት አንድ ሰው አንድ ቀጥተኛ ነገር ይጠይቃችኋል። በቀጥታ መልሱለት። መልሳችሁ የምትሹትን በር የሚዘጋ ሊመስላችሁ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ይዘጋዋል፤ ይህንንም አልሸሽጋችሁም። ነገር ግን የጠየቃችሁ ሰው በእናንተ ቃል ተማምኖ ጥሪቱን አያጣም። እናንተም በሰላም ትተኛላችሁ። ይህ ጥቂት ነውን?

ጋሼ ደጀኔ በጥቅምት ተመልሰው መጡ። ያመጡት ግማሹን ነበር።