በበቅሎ የመጣ ቁጣ

በኮሮናው ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘጋና ትምህርት በቴሌግራም ሆነ። አንድ የትምህርት ቢሮ ኃላፊ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት አንድ የገጠር ቀበሌ አንድም ተማሪ ትምህርቱን እንዳልከፈተ ሲሰማ ደሙ ፈላ። መኪናው መንገድ ላይ ጭቃ ሲይዘው በቅሎ ተከራይቶ ገሰገሰ። እንደደረሰም ወላጆችን አሰብስቦ፣ ማስኩን እንዳጠለቀ፣ ከበቅሎዋም ሳይወርድ፣

"ትምህርቱን በየቀኑ በቴሌግራም ስልክላችሁ ለምን አላስጠናችሁም? ልጆቻችሁ በሙሉ ክፍል ይደግማሉ!" ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። አንዲት ምላሰኛ እናት ግን በነጠላዋ አፏን እንደሸፈነች ብድግ አለች።

"ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ ቁጣ በበቅሎ ጭነው ከሚደክሙ፣ እሱንም በቴሌግራም ቢልኩት ምን ነበረበት? ከትምህርቱ ጋር አብሮ ይደርሰን ነበር።"