ትንፋሽ ያጣው ቤት

አንድ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ሠራ። ዕድሜ ልኩን የተመኘው ቤት ነው። ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ አንጋፋ አናጢ ጣሪያውን መቱለት፤ ከክዳኑ ጠርዝ ሥር ያለውን የውጭ ኮርኒስ ደግሞ ለክተው አሥራ አራት ቺፑድ አስገዙት። ለበጡና ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ።

ሰውየው ግን ራሱ ሜትር ይዞ ዞረ። የሚያስፈልገው አሥራ ስምንት ነው! በአራት ቦታ ቺፑድ የለም፤ ወንፊት ሽቦ ብቻ ተወጥሮበታል። «ሽማግሌው መቁጠር ተስኗቸዋል» አለ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አቧራ ይገባል፣ ብርድ ይገባል ትሉ ነበር። እሱም አራት ቺፑድ ጨምሮ ግጥም አድርጎ ደፈነው።

ኅዳር ገባ፤ ውርጩም መጣ። ጠዋት ጠዋት ኮርኒሱ ያንጠባጥብ ጀመር። የቱ ክፍል መሰላችሁ? ሴት ልጁ የበኩር ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ስትመጣ ትተኛበታለች ተብሎ የተዘጋጀው ክፍል! ፍራሹ ሻገተ።

ሰውየው አፈረ። በቤቱ ስንቴ ጉራ ነዝቷል! ሚስቱን ይመኙሻልን «ለማንም እንዳትተነፍሺ» አላት። አናጢውን መንገድ ላይ ሲያያቸው ፊቱን ያዞር ጀመር። በመጨረሻም ጣሪያው በሙሉ እንዲፈርስ፣ ልጅቷም አማቷ ዘንድ እንድትወልድ ወሰነ። ይመኙሻል ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ጋሽ ወንድይፍራው ባልሽ ለምን ተቀየመኝ ብለው ጠየቋት። ልትውጠው ሞከረች፤ አልቻለችም። ተነፈሰች። ሁሉንም ነገረቻቸው።

ሽማግሌው አልተቆጡም። በበጋ የሚያፈስ ጣሪያ አይቼ አላውቅም አሉና መሰላላቸውን ተሸክመው መጡ። ኮርኒሱ ውስጥ ገብተው ቆርቆሮውን ከሥሩ ዳሰሱት። እርጥብ ነው። ወጥተው ዙሪያውን አዩ።

«ሽቦውን ማን ደፈነው?»

ሰውየው «እኔ» አለ።

«ልጄ፣ ጣሪያህ ምንም አልሆነ። የድስታችሁ እንፋሎት፣ የእናንተው ትንፋሽ ወደ ላይ ይወጣል፤ መውጫ ሲያጣ የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ይሆንና ተመልሶ ይወርድባችኋል። አራቱን የተውኳቸው ረስቼ አይደለም። ቤትህ ይተንፍስ ብዬ ነው።»

«አይፈርስም?»

«ምኑ ይፈርሳል? አራቱን ቺፑድ ንቀል።»

ሰውየው መሰላሉ ሥር ቁጭ አለ። እፎይ አለ፤ ደስ ብሎት እንባው መጣ። ሰላምታ በመንፈጉም ይቅርታ ለመናቸው። ቺፑዱ ተነቀለ፤ ንፋሱ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ወጣ፤ በሳምንቱ ኮርኒሱ ደረቀ። ልጅቷ በጥር መጣች፤ ወንድ ልጅም ተገላገለች።

አሁን ቀና ብላችሁ የዚህን አዳራሽ ኮርኒስ የምታዩ አላችሁ። ተዉት፤ ደህና ነው። ወደ ራሳችሁ እዩ።

ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር በዙሪያችን ክፍት ቦታ ሲተው ተሳስቶ ይመስለናል። ጎረቤቱን፣ ወዳጁን፣ የንስሐ አባቱን የሰጠን ለምን ይመስላችኋል? እኛ ግን ገበናችን እንዳይታይ እንደፍናለን። ከዚያ በገዛ ትንፋሻችን እንርሳለን። ከዚያ ደግሞ ጣሪያውን የሠራውን እናማርራለን! ስንቶቻችሁ ናችሁ ትዳሬ ይፍረስ፣ ሕይወቴ አብቅቶለታል የምትሉ? አይፈርስም። የደፈናችሁትን ንቀሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምታችኋል። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ የምታምኑት ሰው ፈልጉ። አጠገቡ ቁጭ በሉ። ተንፍሱ።